የዱር እንስሳት የዘር መዝገብ

ሥነ ምኅዳር ሕያዋን ፍጥረታት እርስ በርሳቸውና ከሚኖሩበት አካባቢ ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚመረምር የዕውቀት ዘርፍ ነው። የዚህ ዘርፍ ባለሙያ ወደ ዱር ሲወጣ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ለመስማት ቀላል፣ ለመመለስ ግን አስቸጋሪ ናቸው። በዚህ ተራራ ላይ ስንት እንስሳት ይኖራሉ? የትኛው ከየትኛው ይወለዳል? ከወዲያኛው ተራራ ወገኖቻቸው ጋር ይገናኛሉን? ቁጥራቸው የሚቀንሰውስ በምን ምክንያት ነው?

ለብዙ ዘመን እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ የሚያገለግሉት መሣሪያዎች ዐይንና ትዕግሥት ነበሩ። ተመራማሪው ዱካ እየተከተለ፣ ከሩቅ በመነጽር እያየ፣ እያንዳንዱን እንስሳ በመልኩ እየለየ ያየውን ይመዘግባል። ይህ ዘዴ ዛሬም አልተሻረም። ሆኖም ዐይን የሚያየው የተወሰነ ነው። በሌሊት የሆነውን አያይም፤ አባትን ከአጎት አይለይም፤ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የሆነውንም ሊመለከት አይችልም። ስለዚህም የሥነ ምኅዳር ባለሙያዎች ካለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ሌላ ምስክር መጥራት ጀምረዋል። ይህም ምስክር በሕያዋን ሁሉ ሕዋስ ውስጥ የሚገኘው ዲኤንኤ ነው።

የዲኤንኤን ጠባይ ለመረዳት የብራና መጻሕፍት እንዴት እንደሚገለበጡ አስቡ። አንድ ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ አልፎ አልፎ ፊደል ይገድፋል። ከእርሱ ግልባጭ የሚገለብጠው ሌላው ጸሐፊም ያንኑ ግድፈት ይደግመዋል። በዚህ ምክንያት የጥንት መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሊቃውንት ሁለት ብራናዎች አንድ ዐይነት ግድፈት ቢያገኙባቸው፣ ሁለቱም ከአንድ እናት መጽሐፍ የወረዱ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ይገምታሉ። ዲኤንኤም በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት እንደ ተጻፈ እጅግ ረጅም ጽሑፍ ሊቈጠር ይችላል። ወላጅ ለልጁ ሲያወርሰው አንዳንድ ጊዜ ፊደል ይለወጣል፤ የተለወጠውም ፊደል ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። እንግዲህ የሥነ ሕይወት ባለሙያ የእንስሳትን ዲኤንኤ እያስተያየ የትኞቹ ቅርብ፣ የትኞቹ ሩቅ ዘመዶች እንደ ሆኑ ለማወቅ ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ተመራማሪዎች በተለይ ሁለት ክፍሎችን አዘውትረው ሲያነቡ ቆይተዋል። አንደኛው ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት የሕዋስ ክፍሎች ውስጥ የሚገኘው ዲኤንኤ ነው። ይህ ከእናት ብቻ የሚወረስ በመሆኑ የእናትን ሐረግ ይናገራል። ሁለተኛው ማይክሮሳተላይት ይባላል፤ ይኸውም ጥቂት ፊደላት ተደጋግመው የሚገኙበት አጭር ቦታ ነው። ድግግሞሹ በአንዱ እንስሳ 12 ጊዜ፣ በሌላው 15 ጊዜ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ እንስሳ በዚያ ቦታ ላይ አንዱን ቅጂ ከአባቱ፣ ሌላውን ከእናቱ ይወርሳል። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ብዙ ቦታዎች በአንድነት ሲነበቡ እንደ ጣት አሻራ ባለቤቱን ይለያሉ፤ ወላጆቹንም ይጠቁማሉ።

ለዚህ ምርመራ እንስሳውን መግደል አያስፈልግም። ጥቂት ደም፣ ከሥሩ የተነቀለ ፀጉር፣ አንዳንድ ጊዜም በመሬት ላይ የተገኘ ዐይነ ምድር ይበቃል። በ1983 አሜሪካዊው ኬሚስት ካሪ መሊስ የፈለሰፉትና በ1993 የኖቤልን ሽልማት ያስገኘላቸው ፒሲአር የተባለ ዘዴ፣ በናሙናው ውስጥ ካለው ጥቂት ዲኤንኤ የሚፈለገውን ክፍል ብቻ መርጦ በሚሊዮን እጥፍ ያባዛዋል። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ይህ ዘዴ በተግባር ምን እንዳስገኘ በአገራችን ቀይ ቀበሮ ላይ እንመልከት። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር በሌላ አገር አይገኝም። መኖሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ያለው ውርጫማ ደጋ ሲሆን፣ ዋና ምግቡ በዚያው ሥፍራ የሚኖሩት ፍልፈሎችና አይጦች ናቸው። በባሌ፣ በአርሲ፣ በስሜን፣ በወሎና በመንዝ ተራሮች ላይ ይኖራል። ለአካለ መጠን የደረሱት ሁሉ ቢቈጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይገኛሉ።

ስለዚህ እንስሳ የመጀመሪያው ጥያቄ ዘመዱ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነበር። በአማርኛ ቀበሮ ተብሏል፤ ቀጭን አፉንና ረዣዥም እግሮቹን የሚያይ ሰውም ስሙን አይጠራጠርም። ይሁን እንጂ ዳዳ ጎቴሊና ባልደረቦቻቸው በ1994 ያሳተሙት የዲኤንኤ ጥናት፣ ቀይ ቀበሮ ከአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ለሚኖረው ግራጫ ተኩላ የቀረበ ዘመድ መሆኑን አሳየ። ስሙ ቀበሮ ቢሆንም ወገኑ ተኩላ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ የከበደ ነበር። በባሌ ተራሮች በዌብ ሸለቆ ውስጥ አፋቸው አጠር፣ ሰውነታቸው ደንደን ያለ፣ የፀጉራቸውም ቀለም ለየት ያለ እንስሳት ይታዩ ነበር። በሸለቆው ውስጥ ከብት የሚያረቡ ሰዎች ከነውሾቻቸው ስለሚኖሩ፣ እነዚህ እንስሳት ከውሻ የተዳቀሉ ናቸው የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይሆንም። ዲኤንኤያቸው ሲመረመር በማይክሮሳተላይቶቻቸው ውስጥ የውሻ ምልክቶች ተገኙ። ከእናት ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ግን የቀይ ቀበሮ ነበር። ከዚህ ምን ትረዳላችሁ? እናቶቻቸው ቀይ ቀበሮዎች፣ ከውሻ ወገን የመጣው ውርስ ደግሞ በወንድ ውሾች በኩል የገባ ነው ማለት ነው።

ይህ ግኝት ለዕውቀት ብቻ የሚጠቅም አልነበረም። ጥቂት ጠጅ በብዙ ውኃ ቢበረዝ ጠጅነቱ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ቁጥሩ አነስተኛ የሆነ እንስሳም ቁጥሩ ብዙ ከሆነ ዘመዱ ጋር ሲዳቀል ቈይቶ፣ አንድም ሳይገደል ዘሩ ሊጠፋ ይችላል። አደጋው ከየት እንደሚመጣ ከታወቀ ግን መፍትሔውም አብሮ ይታወቃል፤ እርሱም በአካባቢው ያሉትን ውሾች ቁጥርና ርቢ መቈጣጠር ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የቤተሰብን ኑሮ ይመለከታል። በአገራችን ብዙ ሥፍራዎች ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት እስከ ሰባት ቤት ዘር እንደሚቈጠር ታውቃላችሁ። ቀይ ቀበሮዎች በመንጋ ይኖራሉ፤ ወንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ በተወለዱበት መንጋ ውስጥ ስለሚቀሩ መንጋው የቅርብ ዘመዶች ስብስብ ነው። ታዲያ ከዘመድ መዋለድን የሚያስቀሩት እንዴት ነው? በባሌ ለዓመታት የተካሄደና በ1996 የታተመ የዐይን ክትትል፣ ከታዩት ግንኙነቶች እስከ 70 ከመቶ የሚደርሱት ከጎረቤት መንጋ ወንዶች ጋር የተደረጉ መሆናቸውን ገለጸ። በ2007 የታተመ የዲኤንኤ ጥናት ግን አባታቸው ከታወቀ ቡችሎች መካከል ከሌላ መንጋ አባት የተወለዱት 28 ከመቶ ያህል ብቻ እንደ ሆኑ አሳየ። ሁለቱ ጥናቶች እርስ በርሳቸው አይፋረሱም። ዐይን የቈጠረው ግንኙነትን ነው፤ ዲኤንኤ የቈጠረው ልደትን ነው። ግንኙነት ሁሉ ልደትን አያስከትልም። ይኸው ጥናት ሴቶቹ የተወለዱበትን መንጋ ለቀው መሄዳቸውም ከዘመድ መዋለድን እንደሚቀንስ አመልክቷል።

ዲኤንኤ የሩቅ ዘመን ታሪክንም ይናገራል። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ውርጫማው ደጋ አሁን ካለበት ወደ ታች ወርዶ ሰፊ አገር ይሸፍን ነበር። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ግን መኖሪያው ወደ ተራሮቹ ጫፍ ሸሸ፤ ቀበሮዎቹም በባሕር መካከል እንዳሉ ደሴቶች በየተራራው ተለያይተው ቀሩ። በዘመናችን ደግሞ እርሻ ወደ ላይ እየወጣ ደሴቶቹን ያጠባቸዋል። የየተራራው ቀበሮዎች ዲኤንኤ ልዩነት ይህን መለያየት ይመሰክራል። ስለዚህ ከአንድ ተራራ የጠፋውን ዘር ከሌላው አምጥቶ መተካት እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

በመጨረሻም ይህ ዘዴ ገዳዩን በሽታ ለመለየት ረድቷል። በ2003 በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ተነሥቶ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስት እጅ ያህሉ አለቁ። የቫይረሱ የዘር ጽሑፍ ሲነበብ በውሾች ዘንድ ከሚዘዋወረው ዐይነት ጋር ተስማማ። በዚያን ጊዜ ቀበሮዎችን ሁሉ መከተብ አይቻልም ነበር። ነገር ግን መንጋዎች እርስ በርስ በሚገናኙባቸው መተላለፊያዎች ያሉትን በመከተብ በሽታው ወደ ቀረው የባሌ ክፍል እንዳይዛመት ተደረገ።

እንግዲህ ዲኤንኤ ዐይንን ተክቷል ልንል እንችላለንን? አንችልም። ናሙናው የት ቦታ፣ መቼ፣ ከየትኛው መንጋ እንደ ተወሰደ ያልተመዘገበ እንደ ሆነ፣ በቤተ ሙከራ የሚነበበው ጽሑፍ ባለቤት የሌለው ደብዳቤ ይሆናል። አጭር አፍ ያለውን እንስሳ በዌብ ሸለቆ መጀመሪያ ያየው ዐይን ነው፤ ጥርጣሬውን ወደ ማስረጃ የለወጠው ዲኤንኤ ነው። ጥያቄው ከሜዳ ይመጣል፤ መልሱ ከሕዋስ ይነበባል፤ ፍሬውም ተመልሶ በሜዳ ላይ ይታያል። ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ወደፊት መኖራቸው በዚህ ዕውቀት ብቻ አይወሰንም፤ በተራሮቹ ሥር የሚኖረው ሕዝብ ውሾቹን በማስከተቡና የእርሻውን ወሰን በመጠበቁም ጭምር ይወሰናል።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. ዲኤንኤ ከብራና መጽሐፍ ጋር የተነጻጸረው በምን ምክንያት ነው?
2. በዌብ ሸለቆ የነበሩት ድቅል እንስሳት እናቶች ቀይ ቀበሮዎች መሆናቸው በምን ታወቀ?
3. በ1996 እና በ2007 የታተሙት ጥናቶች ያወጧቸው አኀዞች የተለያዩት ለምንድን ነው?

ለ. «ሆኖም»፣ «ስለዚህም»፣ «ይኸውም» እና «ይሁን እንጂ» የተባሉት አያያዦች በምንባቡ ውስጥ የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ፈልጋችሁ ጻፉ። እያንዳንዱ አያያዥ ምክንያትን፣ ተቃራኒ ሐሳብን ወይም ማብራሪያን የሚያመለክት መሆኑን ለዩ።

ሐ. በአካባቢያችሁ ከሚኖሩት የዱር እንስሳት አንዱን ምረጡ። ስለዚህ እንስሳ በዐይን ብቻ ሊታወቅ የሚችለውንና የማይችለውን የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።