የሥራ ለውጥና የመምህሩ ደኅንነት

ልጅን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ደብተር ይገዛል፤ ስንቅ ይቋጥራል፤ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ልጁ ሲመለስም «ስንት አመጣህ?» ብሎ ይጠይቃል። «የሚያስተምርህ ሰው እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መምህርም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ይደክመዋል፤ ይከፋዋል። በተለይ የለመደው ሥራ በድንገት ሲለወጥበት ጭንቀቱ ይበረታል። ለውጥ መምህርን የሚያደክመው ለምንድን ነው? እንዴትስ ሊለምደው ይችላል? ይህን በምሳሌ እንመልከት።

በ1997 ዓ.ም. በሀገራችን ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕላዝማ የሚባል ትልቅ ቴሌቪዥን በየክፍሉ ተተከለ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የተዘጋጀ ነበር። ከአንድ ማዕከል ተነሥቶ በሳተላይት፣ ማለትም በሰማይ ላይ ሆና መልእክት በምታቀባብል መሣሪያ፣ ወደየትምህርት ቤቱ ይተላለፋል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሌሎችም ትምህርቶች በዚህ መንገድ ይሰጡ ጀመር። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ቤተ ሙከራና በቂ መምህር በሌለበት ገጠር የሚማር ልጅ ከከተማው ልጅ እኩል እንዲማር ታስቦ ነው።

ታዲያ መምህሩ ምን ሆነ? ከ40 ደቂቃ ገደማ ውስጥ 30 ደቂቃ ያህሉን ቴሌቪዥኑ ወሰደበት። ለእርሱ የቀሩት መግቢያና መደምደሚያ የሚሆኑ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። በቴሌቪዥኑ የሚያስተምረው ሰው ይቸኩላል። ተማሪው «አልገባኝም» ቢል አይሰማውም፤ ቆም በል ቢሉትም አይቆምም። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቆየው ልጅ የእንግሊዝኛውን ንግግር መከተል ያቅተዋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት ያልፋል። ብዙ መምህራን ራሳቸውን እንደ ቁልፍ ከፋችና ዘጊ ቆጠሩ። አራት ዓመት ዩኒቨርስቲ ተምሮ፣ ዓመታት አስተምሮ፣ ጥግ ይዞ መቆም ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ለመረዳት አርሶ አደሩን እናስብ። አንድ ሰው አዲስ ማረሻ ይዞ ይመጣል እንበል። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ብቻ ታርሳለህ፤ ሌላው ሰው ሲያርስ ታርሳለህ፤ ሲያቆም ታቆማለህ» ይለዋል። የአንዱ ማሳ ግን ድንጋያማ ነው፤ የሌላው ረግረግ። የመሬቱን ጠባይ የሚያውቀው አራሹ ነው። ማረሻው ጥሩ ቢሆን እንኳ አራሹ ካልተጠየቀ ልቡ ከሥራው ይርቃል። መምህሩም እንደዚሁ ነው። የክፍሉን ልጆች ጠባይ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ስለዚህ ለውጥ መምህርን የሚጎዳው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ በሥራው ላይ የማዘዝ መብቱን ሲያጣ ነው። ሁለተኛ፣ በተማሪዎቹ ፊት ያለው ክብር ሲቀንስ ነው። ሦስተኛ፣ ጊዜና ሥልጠና ሳይጨመርለት ሥራ ሲጨመርበት ነው። እነዚህ ሦስቱ ሲደራረቡ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት፣ በትንሽ ነገር መቆጣት፣ ዝምታና ሥራን መጥላት ይከተላሉ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የድካም ምልክት ነው። ከበረታም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

መምህራንን ሳያሳምኑ ለውጥ ማምጣት እንደማይሆን ቀድሞም ታይቷል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ካስቆጧቸው ነገሮች አንዱ ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ለውጥ ዕቅድ ነበር። የደመወዝ ጥያቄም ነበራቸው። ዕቅዱ በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

ፕላዝማውን እንዴት ለመዱት? የረዳው ዘዴ ውስብስብ አልነበረም። መምህሩ የነገውን ትምህርት ከመመሪያው መጽሐፍ አስቀድሞ ያነባል። ከባድ ከባዱን የእንግሊዝኛ ቃል በመግቢያው ደቂቃዎች ለተማሪው ይፈታለታል። ቴሌቪዥኑ ሲናገር ዋና ዋናውን ነጥብ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ያልገባውን ልጅ ከሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ ያስጠናዋል። መምህራን ተሰባስበው ሲዘጋጁ ደግሞ ሥራው ይቀላል፤ አንዱ ጥያቄ ያወጣል፣ ሌላው ማስታወሻ ይጽፋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው። እንዲህ ሲሆን መሣሪያው ለመምህሩ አገልጋይ ይሆናል እንጂ ጌታው አይሆንም። ከጊዜ በኋላ በብዙ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማው ተበላሽቶ ወይም ሳይሠራበት ቀረ። መምህሩ ግን ጠመኔውን ይዞ አሁንም ያስተምራል።

ለውጡ በዚያ አላበቃም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርስቲዎች ውስጥ ተሰጠ። ውጤቱ ሲነገር ከ100 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ያህሉ ብቻ ሆኑ። ያን ጊዜ ብዙ ጣት ወደ መምህሩ ተቀሰረ። መምህሩም ድርሻ አለው፤ ይህ አይካድም። ግን መጽሐፍ ያላገኘው፣ በአንድ ወንበር አራት ሆኖ የተቀመጠው፣ ከታች ክፍል ጀምሮ ማንበብ ያዳገተው ልጅ በአንድ መምህር ጥፋት ብቻ አልወደቀም። ሁሉንም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን ያንን ሰው ከሥራው ያባርረዋል፤ ልጁንም አያሳልፈውም።

ምን ይደረግ? ርእሰ መምህሩ ለውጥ ከመምጣቱ በፊት መምህራኑን ሰብስቦ ያማክር፤ ምክንያቱን ይንገር፤ ለሥልጠናና ለዝግጅት ጊዜ ይስጥ። መምህሩ ችግሩን በሆዱ አይያዝ፤ ለባልደረባው ያካፍል። የተሻለ የሚሠራውን ባልደረባም ክፍሉ ገብቶ ይይ፤ መጠየቅ ውርደት አይደለም። ወላጅስ? ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ ልጁ እስኪያጠፋ ድረስ አይጠብቅ። በደኅናው ቀን ሄዶ «መምህር፣ ሥራ እንዴት ነው? ከእኛ ምን ይጠበቃል?» ይበል። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ መምህር ካለ በበዓል ቀን ቤቱ ይጥራው፤ በተመጣጣኝ ኪራይም ቤት ያፈላልግለት። እነዚህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

በዩኒቨርስቲ የምንማር ሁሉ በሁለተኛ ደረጃ መምህር እጅ ያለፍን ነን። ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም መምህር የሚሆነውም ልጅ ዛሬ በእርሱ ፊት ተቀምጧል። ለመምህሩ ማሰብ ለራስ ልጅ ማሰብ ነው።

ጥያቄዎች

1. ለውጥ መምህርን የሚጎዳባቸው ሦስት መንገዶች የትኞቹ ናቸው?
2. የአርሶ አደሩና የአዲሱ ማረሻ ምሳሌ ምን ያስተምራል?
3. መምህራን ፕላዝማውን ለመልመድ የረዳቸው ምንድን ነው?
4. በአካባቢያችሁ ላሉ መምህራን እናንተ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ? ተወያዩበት።