መጀመሪያ ሜትር፣ ቀጥሎ ስፒከር

ሩንዳ ውስጥ ሆም ቲያትር እንድገጥም ስጠራ ባለቤቶቹ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚያሳዩኝ ገና ያልተከፈተውን የስፒከር ካርቶን ነው። ዋጋውን፣ ዋቱን፣ ማን ከዱባይ እንዳመጣው ይነግሩኛል። የክፍሉን ስፋት ስጠይቅ ግን መልሱ «ሰፊ ነው፣ አታስብ» ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ እሱ ነው። ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ የሠርግ ሳውንድ ሲስተም እየገጠምኩ ነው። ድንኳን ውስጥ ያማረ ስፒከር አዳራሽ ሲገባ እንዴት እንደሚበላሽ ያየሁት ያኔ ነው። ከምንሰማው ድምፅ ትልቁን ድርሻ የሚወስነው ክፍሉ ነው፤ ክፍሉ ካልተመረጠ ውድ ዕቃ መግዛት ስሕተቱን ጮክ ብሎ መስማት ብቻ ነው።

ሩንዳ ከናይሮቢ በስተሰሜን፣ የተባበሩት መንግሥታት ቢሮና የአሜሪካ ኤምባሲ ካሉበት ከጊጊሪ አጠገብ ነው። ቀድሞ ቡና ይለማበት የነበረው መሬት ዛሬ ሰፊ ግቢ ባላቸው ቪላዎች ተሞልቷል። ብዙዎቹ በጥርብ ድንጋይ የተገነቡ ናቸው፤ ወለላቸው ፓርኬ ወይም ሴራሚክ ነው፤ ወደ አትክልቱ ሰፊ የመስታወት በር አላቸው፤ የሳሎናቸው ኮርኒስ የጣሪያውን ቁልቁለት ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል። ለእንግዳ ዓይን የሚያስደስት ነው። ይሁንና ድንጋይና መስታወት የደረሰባቸውን ድምፅ ከሞላ ጎደል እንዳለ ይመልሱታል።

እንዲህ ካሉት ቤቶች በአንዱ፣ ከድርጅት ሥራ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ሳሎናቸው መሀል አቁመውኝ «እዚህ ነው» አሉ። አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጌ አጨበጨብኩ። ድምፁ ከመስታወቱ ወደ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ ወደ ኮርኒሱ እየተላተመ ቆይቶ ጠፋ። «ጋሼ፣ ተዋናዩ የሚናገረው እያንዳንዱ ቃል እንዲህ ነው የሚሆነው» አልኳቸው። «ታዲያ ሌላ ክፍል ከሆነ እንግዳ የት ያየዋል?» አሉኝ። የሩንዳ ጥያቄ ነው። እትዬ ግን ከወጥ ቤት ሆነው «እንግዳው ይምጣና ፎቅ ይውጣ» ብለው ገላገሉን።

ፎቅ ላይ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። አንደኛው 4 በ4 ሜትር የሆነ ትርፍ መኝታ ቤት ነው፤ ሁለተኛው ልጆቹ ያጠኑበት የነበረ፣ 5.2 በ3.8 ሜትር የሆነ፣ ኮርኒሱ 2.7 ሜትር ላይ ያለ ክፍል። ሁለተኛውን መረጥን፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል።

ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ናይሮቢ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗ ይህን አይለውጠውም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው። ወፍራም ድምፅ፣ ማለትም ባስ፣ ሞገዱ ረጅም ነው፤ የ40 ኸርዝ ሞገድ ከ8 ሜትር ተኩል ይበልጣል። በሁለት ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ በአንዳንድ ድግግሞሾች ላይ ራሱን እየደገፈ ይጎላል። የመጀመሪያውን ድግግሞሽ ለማግኘት 343ን ለርቀቱ እጥፍ ማካፈል ነው። በመረጥነው ክፍል ርዝመቱ 33፣ ወርዱ 45፣ ከፍታው 63 ኸርዝ ገደማ ይሰጣሉ፤ የተራራቁ ናቸው። በ4 በ4 ክፍል ግን ርዝመቱም ወርዱም አንድ ላይ 43 ኸርዝ ላይ ይወድቃሉ። ያ ድምፅ በመጣ ቁጥር ክፍሉ ይጮኻል፣ ሌላው ይደበዝዛል። ስለዚህ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ክፍል፣ ወይም ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ የሆነ ክፍል ካለዎት ሌላ ይፈልጉ። በባለሙያዎች ዘንድ ከሚታወቁት ምጣኔዎች አንዱ ከፍታ 1፣ ወርድ 1.4፣ ርዝመት 1.9 ነው፤ የልጆቹ ጥናት ክፍል ሳይታሰብበት በዚሁ ልክ የተሠራ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስተጋባቱ ነው። በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህሩ የሚናገረው አልሰማ ያለ አንድ አዳራሽ ነበር። ዋላስ ሳቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር ከሌላ ቲያትር ቤት የወንበር ትራሶችን በሌሊት እያስመጣ፣ ድምፁ እስኪጠፋ የሚወስደውን ጊዜ እየለካ ዛሬም የምንጠቀምበትን ቀመር አወጣ። በእሱ ቀመር ሲሰላ የጋሼ ክፍል ባዶውን ሳለ ድምፁን ሁለት ሰከንድ ያህል ያቆየዋል። ለፊልም የሚመቸው ከ0.3 እስከ 0.5 ሰከንድ ነው። ይህን ለማምጣት የሚያስፈልገው ሩቅ አይደለም፦ ወፍራም ምንጣፍ፣ እጥፋቱ የበዛ ከባድ መጋረጃ፣ የጨርቅ ሶፋ፣ መጽሐፍ የሞላበት መደርደሪያ። ቆዳ ሶፋ ያምራል እንጂ እንደ ጨርቁ አይረዳም። ግድግዳ ላይ ጋቢ መስቀልም ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሳል፤ ባሱን ግን አይነካውም። ለባሱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የማዕድን ጥጥ በእንጨት ፍሬም ውስጥ ገብቶ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ማዕዘን ላይ ይቆማል።

ከጎን ግድግዳው የትኛው ቦታ እንደሚሸፈን ለማወቅ መስታወት ይበቃል። አንድ ሰው ሶፋው ላይ ይቀመጥ፤ ሌላው ትንሽ መስታወት በጎን ግድግዳው ላይ በጆሮ ከፍታ ያንሸራት። የተቀመጠው ሰው ስፒከሩን በመስታወቱ ውስጥ ያየበት ቦታ፣ ድምፁ ነጥሮ ወደ ጆሮው የሚመጣበት ነው። መጀመሪያ የሚሸፈነው እሱ ነው።

አሁን መቀመጫው። ሶፋን ከኋላ ግድግዳ ጋር ማጣበቅ የቤታችን ልማድ ነው፤ እዚያ ግን ባሱ ይከመራል። ትክክል መሀል ላይም አንዳንዱ ባስ ጭራሽ ይጠፋል። የጋሼን ሶፋ ከቴሌቪዥኑ ግድግዳ 3.2 ሜትር ላይ አደረግነው፤ ከኋላው 2 ሜትር ቀረ። 75 ኢንች ቴሌቪዥን 1.66 ሜትር ያህል ወርድ አለው፤ ከዚያ ርቀት ሲታይ ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋ የዓይን ስፋት ይይዛል። ለፊልም የሚመከረው መነሻም እሱ ነው።

የግራና የቀኝ ስፒከሮች ከተቀመጠው ሰው አንጻር ከመሀል መስመሩ ከ22 እስከ 30 ዲግሪ ይከፈታሉ፤ ፊታቸውም ወደ ሶፋው ትንሽ ይዞራል። እዚህ ክፍል ውስጥ በመካከላቸው 2.8 ሜትር፣ ከየጎን ግድግዳቸው ግማሽ ሜትር ሆነ። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍላቸው የተቀመጠ ሰው ጆሮ ላይ መድረስ አለበት፤ አንድ ሜትር ገደማ ነው። የጎን ስፒከሮቹ ከ90 እስከ 110 ዲግሪ፣ ማለትም ከሶፋው ጎን ወይም ጥቂት ከኋላው፣ በጆሮ ከፍታ ወይም ትንሽ ከፍ ብለው ይገጠማሉ። 5.1 የሚባለው አምስቱ ስፒከርና አንዱ ሰብዉፈር፣ ማለትም የባስ ሳጥን፣ ነው። 5.1.2 ከተባለ የመጨረሻው ቁጥር ከላይ የሚመጣውን ድምፅ የሚያሰሙትን ያመለክታል፤ ይህ ዶልቢ በ2012 ያመጣው የአትሞስ አሠራር ነው። ድምፁን ወደ ኮርኒስ ተኩሰው የሚያስነጥሩ ስፒከሮች ጠፍጣፋና ከ2.3 እስከ 3.7 ሜትር ከፍታ ያለው ኮርኒስ ይፈልጋሉ። የሩንዳ ሳሎን ተዳፋት ኮርኒስ ላይ ገንዘብ መጣል ነው።

ከሁሉ ግን ለእኛ ቤት የሚያስፈልገው የመካከለኛው ስፒከር ነው፤ የሰው ንግግር የሚወጣው ከእሱ ነውና። እዚህ ያሉ ያገራችን ቤተሰቦች ማታ ማታ የሚያዩት የአማርኛ ድራማ፣ ዜናና በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ተከታታይ ነው። አብዛኛው በሁለት ቻናል የተቀዳ በመሆኑ በሶፋው ጫፍ የተቀመጠ ሰው ንግግሩን ከቅርቡ ስፒከር ብቻ ይሰማል። አምፕሊፋየሩ ላይ «ዶልቢ ሰራውንድ» የሚለውን ሲመርጡ ንግግሩን ለይቶ ወደ መሀል ይልከዋል።

ሰብዉፈሩን ለማስቀመጥ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ በቀላሉ አይለይም፤ ስለዚህ ሳጥኑ የትም ቢሆን ይሆናል፣ መጠኑ ግን ከቦታ ቦታ በእጅጉ ይለያያል። ዘዴው መገልበጥ ነው፦ ሰብዉፈሩ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፤ ሰውየው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ይድኻል። ጋሼ ሸሚዛቸውን ሰብስበው በጉልበታቸው ሄዱ። ከተከፈተው ሙዚቃ የቤዝ ጊታሩ እያንዳንዱ ኖታ እኩል በተሰማበት ቦታ፣ ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ አንድ ሜትር ላይ «እዚህ!» አሉ። ማዕዘኑ ላይ የበለጠ ይጮኽ ነበር፤ የሚጮኸው ግን አንዱ ኖታ ብቻ ነበር።

ስለ ጎረቤት መርሳት የለብንም። የኬንያ የ2009 የድምፅ ብክለት ደንብ ለመኖሪያ ሰፈር ከቤት ውጭ በሌሊት 35 ዴሲቤል ብቻ ይፈቅዳል። የድንጋዩ ግድግዳ ብዙ ይይዛል፤ የሚያፈሰው በሩ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነውን በር በደንዳና ጣውላ መለወጥ፣ ዙሪያውን ጎማ ማልበስ፣ ከሥሩ ያለውን ክፍተት መዝጋት ይቀድማል። ከአሜሪካ ዕቃ የምታስመጡም ተጠንቀቁ፦ እዚህ ኤሌክትሪኩ 240 ቮልት ነው፤ የ120 ቮልት አምፕሊፋየር በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል።

ብዙዎች ተከራይ ናቸው፤ አከራዩ ድሪል አይፈቅድም። ያም ቢሆን ስፒከር በእግር ማቆሚያ ላይ ይቆማል፣ ገመዱ ከምንጣፉ ጠርዝ ሥር ይሄዳል፣ የማዕዘኑ ፍሬም ወለል ላይ ይቆማል። በቸኮለ ግዢ ቤቱን የሞላ ሰው ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደተባለው መልሶ ሲያፈርስ ይውላል። በጀት ስትመድቡ ምንጣፍና መጋረጃውን ከስፒከሩ ጋር በአንድ መዝገብ ጻፉት።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የፍንዳታ ፊልም አይክፈቱ፤ ፍንዳታ በማንኛውም ዕቃ ያስደነግጣል። አንድ የአማርኛ ድራማ በዝቅተኛ ድምፅ ይክፈቱና ሁሉም በየቦታው ይቀመጥ። ጫፍ ላይ ያለው ሰው «ምን አለ?» ብሎ ከጠየቀ መጀመሪያ የመካከለኛው ስፒከር ወደ ጆሮ መዞሩን ይዩ፤ ቀጥሎ ከፊቱ ያለውን የመስታወት ጠረጴዛ ያንሱ።