በመንዝና በግሼ ሥራ ስላጡ ልጆችና ስለ በግ መዝገብ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የምትሠሩ ክቡራን አስተዳዳሪዎች እንደምታውቁት፣ ትምህርቱን ጨርሶ ወይም አቋርጦ ወደ አባቱ ቤት የተመለሰ ልጅ የሚይዘው ሥራ አጥቶ በደጅ ተቀምጦ ይውላል። ሽማግሌዎችም ይህን አይተው ሰነፍ ይሉታል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

የፊተኛው ምክንያት መሬት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ርስት ቀርቶ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። በአማራ ክልል ደግሞ በ1989 ዓ.ም. ድልድል ተደረገ። በዚያ ዓመት የተወለደው ሕፃን ዛሬ ጐልማሳ ሆኖ ሳለ፣ አባቱ ከራሱ ማሳ ቈርሶ ካልሰጠው በቀር የሚያርሰው የለውም። ቍራሹም ለወንድሞቹ ሁሉ አይበቃም፤ የተዘራውንም ገብስ ውርጭ የሚያጠፋበት ዓመት አለ።

ሁለተኛው ትምህርቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ልጆች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ወዴት ይግቡ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። የትምህርት ቤት ሕንፃ ስለ ጐደለ ብቻ ነው እንዳንል፣ የካርል ሃይንዝ በም ማኅበር ሰዎች ለሰዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ በመርሐቤቴ ትምህርት ቤቶችን፣ በዓለም ከተማም ሆስፒታል ሠርቷል። ሕንፃው ቆሞ ሳለ ትምህርቱ ከልጁ አገር ሀብት ጋር አልተገናኘም።

የመንዝ ሀብት በግ ነው። ጠጕሩን ሴቶች ይፈትሉታል፤ ወንዶች ባና ይሠሩበታል። ነገር ግን ገበሬው ቶሎ ያደገውን ወንድ ጠቦት ለፋሲካና ለእንቍጣጣሽ ገበያ ሲያወጣ፣ ደካማው ከመንጋው ቀርቶ አውራ ይሆን ነበር። (በሰው ልጆችም ዘንድ እንዲሁ ሳይሆን አልቀረም፤ ብርቱው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።) በ2001 ዓ.ም. የደብረ ብርሃን የእርሻ ምርምር ማእከልና ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ ማእከል፣ በመሐል ሜዳና በሞላሌ ካሉ ገበሬዎች ጋር ይህን ልማድ ለማቅናት ተነሡ። ለእያንዳንዱ ጠቦት በጆሮው ቍጥር ይደረግለታል፤ እናቱ፣ የተወለደበት ቀን፣ ስድስት ወር ሲሞላውም ክብደቱ ይጻፋል። ገበሬዎቹም ተሰብስበው መዝገቡንና በጉን እያዩ አውራውን ይመርጣሉ፤ በጋራም ያረቡበታል።

ይህ ሥራ ያለ ጸሐፊ አይሆንም። ጸሐፊውም የበግን ጠባይ ከሕፃንነቱ የሚያውቅ፣ ፊደልና ሒሳብ የተማረ፣ ከዚያው ቀበሌ የወጣ ልጅ ቢሆን ይሻላል፤ በደጅ የተቀመጠው ልጅም ይኸው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ዐሥር ዓመት የተማረው ትምህርት ከዚህ ይልቅ ለአባቱ ቤት የሚጠቅምበት ቦታ በደጋው ላይ ብዙ አይገኝም። ፈተና አላለፈም ተብሎም አይናቅበትም።

እስከ ግሼ ራቤል ድረስ እንዲሁ ይደረግ ቢባል፣ ሚዛንና መዝገብ መግዛት ቀላል ነው። የሚከብደው የጸሐፊው ደመወዝ ነው። ከውጭ በመጣ ገንዘብ የተጀመረ እንደ ሆነ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ መዝገቡ ይዘጋል። በወረዳው በጀት ካልገባ፣ ልጁ ለአውቶቡስ መሳፈሪያ ያንኑ የተመረጠውን አውራ በግ ሊሸጠው ይችላል።