ሐረርን ያየ ብዕርና የእንግሊዝ መኳንንት ቤቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ ጋር ሐረር፣ ሸዋ በር ቆመን ሳለ አንዱ፣ «ይህችን ከተማ ዞሮ ያየ ደራሲ ስለምን ለወራሪዋ ጥብቅና ቆመ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው እንግሊዛዊውን ኤቭሊን ዎን የሚመለከት ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ መልሱ በደራሲው ጠባይ ብቻ እንደማይገኝ ማሳየት ነው።

ዎ ሐረርን እ.ኤ.አ. በ1930 እና በ1935 ጎብኝቷል። ሁለተኛውን ጉዞ ያደረገው የ«ዴይሊ ሜይል» ጋዜጠኛ ሆኖ ነው። የጋዜጣው ባለቤት ሎርድ ሮዘርሚር እ.ኤ.አ. በጥር 1934 የእንግሊዝን ጥቁር ሸሚዞች በጽሑፍ ያወደሰ ሰው ነበር። ሐረር መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ሚያዝያ 30 ቀን ተያዘች። በዚያው ዓመት (እ.ኤ.አ. 1936) መገባደጃ የታተመው የዎ መጽሐፍ ለኢጣልያ ያደላ ነው።

የጥቁር ሸሚዞቹን ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1932 ያቋቋመው የባለርስት ቤተሰብ ልጅ የሆነው ሰር ኦስዋልድ ሞዝሊ ነው። የሎርድ ሬድስዴል ልጅ ዳያና ሚትፎርድ በጥቅምት 1936 በርሊን፣ በጎብልስ ቤት፣ ሂትለር በተገኘበት ሞዝሊን አገባች። ዎ እ.ኤ.አ. በ1930 ያሳተመውን ልቦለድ መታሰቢያነት ያበረከተው ለዚህችው ዳያናና ለቀድሞ ባሏ ነበር። ይሁን እንጂ ዎ በትውልዱ መኳንንት አልነበረም፤ ከዳያና ጋር የነበረው ወዳጅነትም ብዙ ሳይቆይ ቀዝቅዟል። የምለው፣ የተመላለሰበት ክበብ ይህ ነበር ነው።

ከመኳንንቱ አንዳንዶቹ ወደ ፋሺዝም ያዘነበሉበት ምክንያት ምን ነበር? ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በውርስ ግብር ተጨንቀው ብዙ ርስት ሸጠዋል። የ1917ቱ የሩሲያ አብዮት ደግሞ አስፈርቷቸዋል። ስለዚህ ሙሶሊኒ ሥርዓት አስከባሪና ጋሻ ሆኖ ታያቸው። ሙሶሊኒም ለሞዝሊ በስውር ገንዘብ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 በኢጣልያ ላይ ማዕቀብ እንዲጣል ሲጠየቅ የሞዝሊ ፓርቲ ተቃወመ። የለንደን ሳሎን ጉዳይ የጀጎል ጉዳይ የሆነው እንዲህ ነው።

ነገር ግን «መኳንንት ሁሉ እንዲህ ናቸው» ብሎ መደምደም ስሕተት ይመስለኛል። የዳያና እኅት ጄሲካ እ.ኤ.አ. በ1937 ከሪፐብሊካኖቹ ጎን ለመሆን ወደ ስፔን ሄዳለች። የእኛም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ እና ራስ ደስታ ዳምጠው ሁለቱም የንጉሠ ነገሥቱን ልጆች ያገቡ ነበሩ። የመጀመሪያው በ1928 ዓ.ም. ወደ ጠላት ገባ፤ ሁለተኛው ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። መደብ ፍርሃትንና ምቾትን ያወርሳል፤ ምርጫው ግን የሰውየው ነው።

ስለዚህ የዎን መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ መጽሐፉን ይጣለው አልልም። ዎ የታወቀ የምፀት ጸሐፊ ነው፤ ምፀቱ ሳቅ ሲያስነሣ በማን እንደሚሳቅና ከማን ጋር እንደሚሳቅ ይመርመር። ከጎኑም የሐረር ሰዎች ስለዚያ ዘመን በአደርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ የተናገሩትን ይሰብስብ። በሸዋ በር ለተጠየቅሁት ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነበር፤ ሁለተኛውን ሥራ ግን እኛ መምህራንም ገና በሚገባ አልሠራነውም።