ተዋናይ መሆን የሚሻ ወጣት በየትኛው በር ይግባ?

በሰፈራችን ያለ አንድ ወጣት ሰሞኑን ወደ ቤቴ መጣና «ጋሼ፣ እኔ ተዋናይ ልሆን ቈርጫለሁ፤ ነገር ግን የሚያየኝ ሰው አጣሁ» አለኝ። እናቱ በበኩላቸው ልጃቸው ባንክ ቤት ገብቶ ደመወዙን በየወሩ ቢቀበል ይመርጣሉ። ለሁለቱም የሚሆን መልስ ባገኝ ብዬ የቀደሙትን ሰዎች አጀማመር ማሰላሰል ያዝሁ።

እናትዮዋ በመሥጋታቸው አይፈረድባቸውም። በዱሮው ዘመን በመድረክ ላይ የሚቆም ሰው «አዝማሪ» እየተባለ ይናቅ ስለ ነበረ፣ ልጁን መርቆ ለዚህ ሥራ የሚሰድ ወላጅ ማግኘት ጭንቅ ነበር። በሴቶች ላይ ደግሞ ነቀፋው የበረታ ስለ ሆነ፣ የሴቶቹን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ኋላ «አባባ ተስፋዬ» ተብለው አገር ያወቃቸው ተስፋዬ ሣህሉ በመጀመሪያ የሥራ ዘመናቸው እንደ ሴት ለብሰው ይጫወቱ ነበር። ለአንድ ኩሩ ጐልማሳ ይህ ቀላል ነገር አይመስለኝም። እሳቸው ግን የተሰጣቸውን ክፍል አልናቁም፤ በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን በአገራችን ሲጀመር የልጆችን ጊዜ ይዘው ከ40 ዓመት በላይ ተረት ነገሩ። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉም በተረታቸው ያደጉ ጐልማሶች እንደ አባት አለቀሱላቸው።

ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋናዮች መካከል ስማቸው የሚነሣው አስናቀች ወርቁም ያን ነቀፋ ተጋፍጠው የወጡ ናቸው። እሳቸው ክራር ይደረድሩ፣ ያዜሙም ነበር። በዚያን ጊዜ ዘፈኑንም ጭፈራውንም ቴአትሩንም አንድ ሰው አጣምሮ ይይዘው ስለ ነበረ፣ ሁለት ሙያ ያለው ሰው ቶሎ ይፈለግ ነበር። ዛሬም ቢሆን ነገሩ ብዙ የተለወጠ አይደለም።

ወጣቱ ይህን ስነግረው «ተስፋዬ ገሠሠን ግን ንጉሡ አይተውት አይደለም?» አለኝ። እውነቱን ነው። ተስፋዬ ገሠሠ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ሲጫወት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አይተውት፣ ወደ አሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የቴአትር ትምህርት ተምሯል። ነገር ግን ልጄ፣ ንጉሡ በገቡበት ሰዓት ተስፋዬ መድረክ ላይ ነበር! ቤቱ ተቀምጦ ዓይን ይጠብቅ ቢሆን ኖሮ ማን ያየው ነበር? ወጋየሁ ንጋቱማ ፊቱ ሳይታይ በድምፁ ብቻ ተወዷል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው እስከ ዛሬ አይረሳውም። ይሁን እንጂ ወጋየሁም ቢሆን እንደ ደበበ እሸቱ ሁሉ ሀንጋሪ ድረስ ሄዶ ሙያውን ተምሯል።

ለወጣቱ የመከርሁት ይህንኑ ነው። የትምህርት ቤት ክበብ አለ፣ የቀበሌ የወጣቶች ቡድን አለ፣ ውጤቱ ከበቃም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት አለ። ልምምድ በሚደረግበት ቦታ ወንበር ተሸክሞም ቢሆን ይገኝ። የራሱን ብቻ ሳይሆን የባልንጀራውንም ቃል ያጥና፤ አንዱ ሲታመም አዘጋጁ ዞር ብሎ የሚፈልገው ቃሉን የሚያውቀውን ልጅ ነውና። ማታ ማታ ጋዜጣም ሆነ መጽሐፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ጐረቤት ቢያጕረመርም እኔ እመልስለታለሁ። «ለፊልም እንመዘግብሃለን» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቀውን ግን ይሽሸው። በዚህ ነገር የእናታቸውን የዕቁብ ብር ያስበሉ ልጆች አውቃለሁ።

ከሳምንት በኋላ ልጁ እየሣቀ ተመለሰ። በቀበሌው ክበብ ቴአትር ውስጥ አንድም ቃል የማይናገር ዘበኛ ሆኖ፣ ጦር ይዞ በር ላይ እንዲቆም ታዟል። እናቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ሊያዩት ይመጣሉ። ባንክ ቤቱም ማመልከቻውን ተቀብሎታል።