የቆርኪ ጸናጽል ለልጆችዎ

ልጅ ጆሮውን የሚያለማምድበት የሙዚቃ መሣሪያ የግድ በገንዘብ አይገዛም። ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ሲመለስ የሚሰሙት የጸናጽል ድምፅ የሚወጣው ብረቶቹ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተቱ ሲጋጩ ነው። መጫወቻውም በዚሁ ዘዴ ይሠራል።

ከእንጦጦ ከሚወርደው የባሕር ዛፍ ጭራሮ መካከል ጠንካራ ባላ ይምረጡ። 6 የለስላሳ ቆርኪዎችን በመዶሻ ጠፍጥፈው መካከላቸውን በምስማር ይብሱ። ቀዳዳው ከሽቦው ሰፋ ይበል፤ ከጠበበ አይንሿሿም። ሽቦው ላይ ደርድረው በባላው ሁለት ጫፎች አጥብቀው ይሰሩት።

የቆርኪውን ጠርዝ በድንጋይ አሽተው ያለስልሱ፤ የሽቦውንም ጫፍ ወደ ውስጥ ያጥፉ። ቆርኪ ጉሮሮ ላይ ስለሚሰነቀር ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይስጡ።

ማታ ከሥራ ሲመለሱ በጭብጨባ ምት ይስጡት፤ ልጅዎ ተከትሎ ይመታል።