ለአዲስ አበባ የተለካ ካርቡራቶር

ቮልስ ራዲያተር የላትም። ከኋላ የተቀመጠውን ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ቺንጋ የሚያዞረው ቬንትሌተር የሚነፋው አየር ነው። የሙቀት ጌጅም የላትም፤ ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲግል ነጂው የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ የቮልስ ወዳጅ ግለቱን ከሚወስኑት አንዱ የሆነውን የካርቡራቶሯን ነገር ቸል ሊል አይገባም።

ሞተሩ የሚስበው አየር በካርቡራቶሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ቤንዚኑም በተለካ ቀዳዳ እየተሳበ ከአየሩ ጋር ይደባለቃል። ቀዳዳው ጄት ይባላል፤ 125 የሚል ቁጥር ካለበት ስፋቱ 1.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል።

ቤንዚኑ ከዚህ ልክ ትንሽ ሲበረክት ሞተሩ ቀዝቀዝ ይላል። ትርፉ ቤንዚን በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ይወስዳል፤ የእሳቱም ግለት ይቀንሳል። አየር ሲበዛ ግን ድብልቁ እየተጓተተ ይነድና የጭስ ማውጫው ቫልቭ ሲከፈት እሳቱ ገና አልበረደም። ቫልቩ የሚቃጠለው ያኔ ነው። በቆዩት ቮልሶች ቀድሞ የሚጎዳው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ይጋርደዋልና።

እኛ አገር ደግሞ ከፍታው አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፉ በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተሠራ ጄት እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ መኪናዋ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ነዳጅ ትጨርሳለች። ባለቤቱ ጠበብ ያለ ጄት ቢያስገባ እውነቱን ነው። ችግሩ የሚመጣው በዚያው ጄት ወደ አዋሽ ሲወርድ ነው። አዋሽ ሰባት 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚወፍር ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል፣ በዚያ ላይ የቆላው ሙቀት አለ፣ መንገዱም ረጅም ነው።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚኒሞውን ብሎን በካቻቪቴ ይነካካል። ያ ብሎን የሚያዘው ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ያለውን ድብልቅ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትነዱ ቤንዚኑን የሚሰፍረው ዋናው ጄት ነውና ብሎኑን ማዞር ሞተሩን ከሙቀት አያድነውም።

ምስክሩ ካንዴላው ነው። ጥሩ ርቀት ከተነዳ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በርዶ ይፈታ። ጫፉ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ልክ ነው። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ይህም ቢሆን የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ፒስተኑን ስለሚያስበላ ደህና ነው ተብሎ አይተውም። ነጭ ከሆነ ግን ጉዞው ይቁም። ጄቱ ከመቀየሩ በፊት በካርቡራቶሩ ሥር ሾልኮ የሚገባ አየር እንደሌለ፣ ቺንጋው እንዳልላላ ይታይ።

ቆላና ደጋ ለሚመላለስ ሰው የምመክረው ሁለት ጄት እንዲይዝ ነው። በብዙዎቹ የቮልስ ሶሌክስ ካርቡራቶሮች ዋናው ጄት የሚገኘው ከቤንዚን ማጠራቀሚያው ጎን ካለው ቡሽ ብሎን ጀርባ ነው። ቁልፍና ካቻቪቴ ይበቃል፤ ካርቡራቶሩን ማውረድ አያስፈልግም። ቡሹ ሲፈታ ቤንዚን ስለሚፈስ ሞተሩ መብረድ አለበት፣ ከሥሩም ጨርቅ ይያዝ።